የሰይድ ኮምፒውተር ሩጫ

ያረጀች በቅሎዬን ጉግስ ካላስገባሁ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። መካነ ሰላም ከተማ ላይ ማመልከቻ የሚጽፍልን ሰይድ፣ ላረጀው የኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተር አንጎል የሚባለውን ርካሽ ባለሁለት ኮር ፕሮሰሰር ከደሴ አስመጣ።

"ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ነው የማስሮጠው!" ብሎ ፎከረ።

ሲሮጥ ይግላል፤ ማቀዝቀዣ ደግሞ ውድ ነው። ታዲያ የአገራችን ብርድ ምን ሊሠራ ተፈጠረ? የኮምፒውተሩን ክዳን ፈትቶ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። እኛ ወረፋ ጠባቂዎች ጋቢያችን ውስጥ ተኮራመትን።

ኮምፒውተሩማ ጥይት ሆነ! ሰይድ ግን ድሮም በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው፤ እሷም በብርዱ ደነዘዘች።

ቢሮ ሳይዘጋ ማመልከቻ ሊያስገቡ ከገጠር የመጡ አንድ ሼህ ጠብቀው ጠብቀው፣ "ልጄ፣ ማሽኑስ ማሻአላህ ቀድሟል። በል አሁን መስኮቱን ዝጋና ጣትህ ትድረስበት" አሉት።