ከአህያ በላይ፣ ከአውሮፕላን በታች

ሰውን መሬት ላይ ይዞ የሚያስቀረው የመሬት ስበት ነው ያለው ሰው... አማት አልነበረውም! ይህን የምላችሁ ሰቆጣ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር፣ ስለ ስበት ስጽፍ የጠመኔ ብናኝ ሳንባዬን ያነጣብኝ እኔ ነኝ። ስበትንማ ደህና ሞተር ያሸንፈዋል። እማማ አስካለን ያሸነፈ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

እማማ አስካለ የባለቤቴ እናት ናቸው። ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ አረቄያቸውን የማያውቅ ጉሮሮ የለም። ዳግም ነው፣ ሁለት ጊዜ የወጣ። አንድ መለኪያ የቀመሰ የራሱን ስም ይረሳል፤ የደገመ የባለ ዕዳውን ስም ይረሳል። በዚህ አገር ደግሞ አረቄ የምታወጣን ሴት «ውሃ ትጨምርበታለች» ከማለት «ሰው ገድላለች» ማለት ይሻላል። ሰው የገደለ ሽማግሌ ይልካል፣ ይታረቃል። አረቄ ውስጥ ውሃ ለጨመረ ግን ማን ሽማግሌ ይቀመጥለታል? ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልጋታለሁ።

የእማማ ባል ሲሞቱ የተዉላቸው አንድ የእህል ወፍጮ ነበር። የወፍጮው ሞተር ግን ጌታውን ተከትሎ ሞተ። ወፍጮ ቤቱ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ቀረ። እማማ በዚያ ባለፉ ቁጥር «ይህ ድንጋይ ሲዞር ድምፁን ሳልሰማ አይግደለኝ» ይላሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሰማኋቸው ቁጥር ሆዴ ይባባል።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ታዲያ ልጃቸው ግደይ ሞተር አገኘ። ግደይ የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ብረት በያጅ፣ መካኒክ፣ ሕልመኛ። ወልድያ ካለ አንድ ጋራዥ ጥግ ዝጎ የተጣለ የመኪና ሞተር አይቶ በአንድ ሙክት ለውጦ አመጣው። መካኒኮቹ የጣሉት ፈተው ፒስተን ስላጡበት ነው። ሮታሪ የሚሉት ዓይነት ነው፤ በፒስተን ፈንታ ውስጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል። ቀላል ነው፣ ጉልበታም ነው። እማማ ሞተሩን ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ ሲያዩ እልል አሉ። «ወፍጮዬ!»

ግደይ ደግሞ ምን አለ መሰላችሁ?

«አውሮፕላኔ!»

በድርቁ ጊዜ እህል የሚጥሉ አውሮፕላኖችን በልጅነቱ አይቶ ነበር። እህሉ አለቀ፣ አውሮፕላኖቹ ግን ከልቡ አልወጡም። እናም ሠራ! አካሏን ከብረት ቱቦ በየደ፣ ክንፏን ሸራ አለበሰ፣ ፊቷ ላይ የሚሽከረከረውን ከወይራ ጠረበ፣ ጎማዋን ከሞተር ሳይክል ወሰደ። ሁለት ወንበር አላት። ሁለተኛው ወንበር ለማን እንደሆነ ስጠይቀው ፈገግ አለ። ያኔ ከተማውን ለቅቄ መሄድ ነበረብኝ።

ችግሩ መነሣቱ ላይ ነው። እኛ ደጋ ላይ ነን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተርም እንደ ሰው አየር ሲያጥረው ያለከልካል። አውሮፕላኗ የኳስ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ትሮጥና ሜዳውን ያጠረው የድንጋይ ካብ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ግደይ በገዛ እጃቸው አውሮፕላን ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፈ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔት ከየት እንዳመጣ እንጃ ይዞልኝ መጣ።

«ምን ይላል መምህር?»

«ለመነሻዋ ጊዜ ብቻ አልኮልና ውሃ ደባልቀህ ሞተሩ አየር በሚስብበት በኩል ትረጫለህ ይላል። ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሳይንኳኳ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል።»

«አልኮሉ አለን። ውሃው ለምንድን ነው?»

«እኩል በእኩል ነው የሚለው።»

«ተወው! እነሱ ስስታም ሆነው ነው። የእናቴን ዳግም በውሃ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

«ኧረ ግደይ፣ የሚጠጣው ሞተር ነው!»

«ሞተርስ ቢሆን እንግዳ አይደል?»

እንግዳን ውሃ የነካው አረቄ አያጠጡም። አለቀ! አዲስ የሰብል መድኃኒት መርጫ ተገዛ፣ ንጹሕ ዳግም ተሞላ፣ መርጫውም ቱቦው ወደ ሞተሩ ተዘርግቶ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። የሁለተኛው ወንበር ሥራ ይህ ነበር፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ እረጫለሁ።

ንጹሑን ዳግም የጠጣው ሞተር የሆነውን ብታዩ! አነቀው። አሳለው። በጭስ ማውጫው እሳት ተፋ። አውሮፕላኗ ከገበያ አምሽቶ እንደሚመለስ ሰው ግራ ቀኝ እየረገጠች ሄዳ ከካቡ ጋር ተሳመች። ሌላ ቀን ሞከርን፣ ያው። እማማ በመጨረሻ ልጃቸውን ፊት ለፊታቸው አቆሙት።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ስማ ልጄ፣ ለኅዳር ጽዮን ሰው ሁሉ ባለበት ትነሣለች። ካልተነሣች ሞተሩ ወፍጮዬ ውስጥ ይገባል። ማልልኝ።»

ግደይ ማለ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ቅዳሴ እንደወጣ ከተማው በሙሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሜዳው መሐል ደግሞ የአያ ምስጋናው አህያ ቆማለች። አያ ምስጋናው የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ናቸው፤ አህያቸውም ሽምግልናቸው ተጋብቶባት ነው መሰለኝ፣ ቢገፏት ቢጎትቷት ከቆመችበት ንቅንቅ አትልም። ተዋት ተባለ። እማማ አስካለ ጀሪካኑን ራሳቸው ተሸክመው መጡ።

«እንካ ልጄ፣ ከሁሉም የበረታውን ነው ያመጣሁልህ።»

ይህን ሲሉ ዓይኔን አላዩኝም። ልብ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን እኔ በዚያች ሰዓት ትነሣለች ብዬ ሳይሆን ትፈነዳለች ብዬ ዳዊት እደግም ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። አውሮፕላኗ መንደርደር ጀመረች። «እርጭ!» አለኝ ግደይ። ረጨሁ... እናንተዬ! ሳሉ ጠፋ! እንደ ቀፎ ንብ አንድ ወጥ ድምፅ ሆነ። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ሰዉ «አህያዋ! አህያዋ!» ይላል። እኔም «አህያዋ!» እላለሁ። ድንገት የጎማው መንጓጓት ቀጥ አለ። ወደ ታች ባይ ሁለት ጆሮ አየሁ። የአህያ ጆሮ ከላይ ሲታይ እንዴት ያምራል!

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግራችሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ከካቡ ማዶ የአያ ምስጋናው የገብስ ክምር ውስጥ ተቀምጠናል። ማንም አልተጎዳም። ግደይ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፣ ይስቃል። እኔ የመርጫውን ክዳን ከፍቼ ከተረፈው ለድፍረት አንድ ጊዜ ተጎነጨሁለት።

ውሃ! እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ አረቄ የሸተተው ውሃ!

ቀና ስል እማማ አስካለ አጠገቤ ደርሰዋል። ልጃቸው እንዳይነሣ ብለው የጨመሩት ውሃ ልጃቸውን አነሣው! መጽሔቱ ያለው ያው እኩል በእኩል መሆኑ ነው። ክንዴን በሁለት ጣት ይዘው ቁንጥጥ አደረጉኝ።

«መምህር፣ ዝም አይነቅዝም» አሉ በሹክሹክታ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏችሁ ይሆናል። ዋግ ላይ እንዲህ የሚያበቃ ነገር የት አለ? እማማ «ዘለለች እንጂ አልበረረችም፤ ፍየልም ይዘላል» አሉ። ግደይ «በርራለች» አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አውሮፕላን መብረሩንና አለመብረሩን ወይራ ሥር ሽማግሌ ተቀምጦ የሚመረምርበት ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ።

«አህያዋ ያኔ ቆማ ነበር ወይስ ተኝታ?» ሲሉ ጠየቁ አያ ምስጋናው።

«ቆማ ነበር አያ።»

«አንገቷን ቀና አድርጋ ወይስ ሣር እየጋጠች?»

በዚህ ላይ ምስክር ተከፋፈለ። ሽማግሌዎቹ ለመመካከር ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣና ገቡ። እኔ የደሴ ልጅ አንዱም አልገባኝም፤ ሰዉ ሲስቅ ብቻ አብሬ ሳቅሁ። ያኔ ግደይ ብድግ አለ።

«አባቶቼ፣ ይህን ጉልበት የሰጣት የእናቴ አረቄ ነው። እናቴ አረቄዬ ጉልበት የለውም ትበልና ሞተሩን ትውሰድ!»

አያ ምስጋናው ወደ እማማ ዞሩ። «እህ፣ አስካለ? አረቄሽ ያን ያህል ጉልበት አለው ወይስ የለውም?»

እማማ ሰዉን አዩ። ደንበኞቻቸው ናቸው፤ ከደሃና የመጣ አለ፣ ከሰሃላ በእግሩ የመጣ አለ። የለውም ካሉ ስማቸው ሄደ። አለው ካሉ ወፍጮው ሄደ። እኔን አዩኝ። እኔ ወይራውን አየሁ።

«የእኔ አረቄ አውሮፕላን ብቻ ነው እንዴ? ጋራ ያስነሣል!» አሉ።

ሰዉ አጨበጨበ። አያ ምስጋናው ፈረዱ። «እንግዲያው ነገሩ ከአህያ በላይ፣ ከአውሮፕላን በታች ነው። ለጥምቀት ትድገመው። ከደገመች ሞተሩ የሰማይ ነው፤ ካልደገመች የወፍጮ።»

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ጉድ ስሙ። የእማማ አረቄ «አውሮፕላን ያስነሣው» ተባለ። ገበያተኛው ሁሉ እሱን ይጠይቃል። አሁን አውሮፕላኗ እንድትነሣ ከልጃቸው ይልቅ የሚሳሉት እማማ ሆኑ! ለጥምቀትም ዳግሙን ለሦስተኛ ጊዜ አወጡት፤ ሽታው ብቻ ዓይን ያስለቅሳል። እኔ ጨነቀኝ።

«እማማ፣ ለኅዳር ጽዮን ያመጡት ዓይነት ቢሆንስ?»

«እሱ ምን ነበረው?»

«ኧረ ምንም! ጥሩ ነበር ለማለት ነው።»

«ይኼ ይበልጣል!»

ወደ ግደይ ሄድኩ። «እባክህ፣ ትንሽ ውሃ ጨምርበት።» አፈጠጠብኝ። «አማትህን ልታዋርድ ነው እንዴ?» አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ እናትህ ጨምረውበት ነበር ልበለው? የማድረው የት ነው? የምበላውስ ከማን እጅ ነው?

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ገብቶ ሰዉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ያንን ንጹሕ፣ እንከን የሌለው፣ በእናት ፍቅር የወጣ አረቄ ረጨሁት... ሞተሩ ታነቀ፣ ሳለ፣ እሳት ተፋ፣ ካቡ ጋ ቆመ። አህያዋ ከምትግጠው ሣር ቀና እንኳ አላለችም። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሳይ፣ ፊዚክስ ማወቄን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ወፍጮው አሁን ይዞራል። ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያያይዘውን ቺንጋ ያሰረው ግደይ ራሱ ነው፤ ክንፎቹን ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ጣራ ላይ አስቀምጧቸዋል። እማማ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው የድንጋዩን ድምፅ ይሰማሉ። አንድ ቀን ገብስ ላስፈጭ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«መምህር፣ ያኔ ግን በርራ ነበር፣ አይደል?»

«በርራ ነበር እማማ።»

«በእኔ አረቄ!»

«በእርስዎ አረቄ።»

ክንዴን ያዙኝ። ይቆነጥጡኛል ብዬ ስሸማቀቅ፣ መታ መታ አድርገው ለቀቁኝ።

እና ወዳጆቼ፣ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ንጹሕ ነገር ክቡር ቢሆንም ከመሬት እንደማይነሣ ነው። ወሬም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ይህ ያነበባችሁት ስንት እጁ አረቄ፣ ስንት እጁ ውሃ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ብቻ ከአህያዋ በላይ ካለፈልኝ ይበቃኛል።