ጋሼ አንዴ ልየው እና ሦስተኛው ብሎን

አጎቴ የቆለፉትን በር አምነው የሄዱበት ቀን ይኖር ይሆን? እንጃ። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም፤ ሁሉም ታክሲ ውስጥ ገብቶ ካለቀ በኋላ «ቆይ፣ ምድጃውን አንዴ ልየው» ብሎ የሚወርድ። የእኛው ግን የዘርፉ ሊቀ መንበር ናቸው። ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ «ጋሼ አንዴ ልየው» ይላቸዋል።

ፖስታ ካሸጉ በኋላ ቀደው ያያሉ። ሚስታቸውን እንቅልፍ ወስዷት እንደሆነ ለማረጋገጥ «ተኛሽ?» ብለው ይቀሰቅሷታል።

ጀልባዋ ላይ ግን አላሳቁንም። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የሸራ ጀልባ አለቻቸው፤ አንድ ቀን ሴት ልጃቸው በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ባሕር ላይ ይዛት ልትወጣ ሆነ። ሸራውን ከሥር የሚይዘውን አግዳሚ ዘንግ ስትነካው ተንቀጫቀጨ። ከምሰሶው ጋር የሚያገናኘው ማጠፊያ ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ የብረቱ ብሎን የማጠፊያውን አሉሚኒየም ከውስጥ በልቶ ጨርሶታል። ያ ማጠፊያ ነፋስ ላይ ከተላቀቀ ዘንጉ የሚያርፈው የሰው ጭንቅላት ላይ ነው።

ሁለቱ ብሎኖች አንፈታም ብለው በትራፓኖ ወጡ። ሦስተኛው በሁለት ጣት ወጣ። ጥርሱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

«አባዬ፣ ይሄን ስንቴ ፈትተኸዋል?»

«መጥበቁን ለማየት ነዋ።»

«ስንቴ?»

«እሑድ እሑድ። እነዚያ እምቢ ሲሉኝ ይሄን ብቻ።»

«ስንት ዓመት?»

አጎቴ ብሎኑን በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«እነዚያን የባሕሩ ጨው በላቸው። ይሄን የበላኸው አንተ ነህ።»

ክቡር አጎቴ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቀዳዳዎቹን አሰፉ፤ ወፈር ያሉ ብሎኖች አስገቡ፤ ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ መሃላቸው ፕላስቲክ አደረጉ። አጠበቁ። ከዚያ መፍቻውን መልሰው አነሱ።

«አንዴ ል...»

ልጅቷ ነጥቃ ኪሷ ከተተችው። «ይሄ ከእኔ ጋር ይሄዳል!»

ያን ሌሊት ኮሪደሩን ሲመላለሱበት አደሩ። እኔም መጽሐፍ ይዤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምንም አልገባኝም።

ጠዋት ወጣች፤ እኛ ባሕሩ ዳር ቆመን እናያለን። ነፋሱ በረታ። ሸራው በድንገት ወደ ሌላው ጎን ሲገለበጥ ዘንጉ አብሮ ተወረወረ። አጎቴ ክንዴን ጨመደዱኝ፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ያዘ?»

«ይዟል፣ ጋሼ።»

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እስቲ አንዴ እየው።»

አየሁላቸው።

ስትመለስ መፍቻውን ሰጠቻቸው። «እንካ፣ እየው።» ተቀበሉ፣ ማጠፊያውን ከሩቅ አዩት፣ መፍቻውን ሣጥን ውስጥ ከተው ዘጉ። ሣጥኑን መልሰው አልከፈቱም።

ቤት እንደገባን ከነጫማቸው አልጋ ላይ ወደቁ። ጫማቸውን አወለቅኩላቸው፤ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ሦስት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ግን እግሬ እምቢ አለኝና ተመለስኩ፤ በሩን ገፋ አድርጌ አንዴ አየኋቸው። ተኝተዋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር።