ዓርብ ዓርብ የሚታመመው ፕሪንተር

በየከተማው አንድ ሰው አለ፤ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ሲያይ እጁን የሚያሳክከው። ሰላምታውን ሳይጨርስ «በምንድን ነው የሚሠራው?» ይላል። «በዊንዶውስ» ያሉት እንደሆነ መርዶ እንደሰማ ሰው አንገቱን ይደፋል። የእንጅባራው ይሄነው ይባላል፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። ደመወዝ የሚያገኘው በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር እየጠገነ ነው። ወደዚህ ዓለም የመጣው ግን ዊንዶውስን ከየማሽኑ አስወጥቶ በቦታው ሊነክስ የተባለውን ሲስተም ለማስገባት ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። የከተማው ሰው ማዕረግ ሰጥቶታል፤ ሊቀ ሊነክስ።

ሊቀ ሊነክስ ቦታ አይመርጥም። ጎረቤት ሞቶ ድንኳን የገባ ዕለት ከሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አጠገብ ተቀመጠ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የደብሩን ኮምፒውተር ግን ቫይረስ አያስቸግረውም?» ሲል ጠየቀ። የሟቹ አርባ ሳይወጣ የደብሩ ኮምፒውተር ሊነክስ ሆነ። አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ሙዚቃ የሚያጫውተውን ሰው ላፕቶፕ «ሃያ ደቂቃ ብቻ ስጠኝ» ብሎ ተቀበለው። ሃያ ደቂቃው ሁለት ሰዓት ሆነ። ሚዜዎቹ በጭብጨባ አስጨፈሩ፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ከሠርጉ የሚያስታውሰው ያንን ሁለት ሰዓት ነው። የኮሌጅ አለቃው ኮቴውን ሲሰማ ላፕቶፑን መሳቢያ ውስጥ ይከታል ይባላል። ሚኒባስ ውስጥ የላፕቶፕ ቦርሳ ያቀፈ ሰው ካየ ሊቀ ሊነክስ ወንበር ቀይሮ አጠገቡ ይቀመጣል።

ስለ እሱ የሚወራው ሁሉ ተለቅሞ ቢፈለግ ዳንግላ፣ ፍቅርአዲስ ዘንድ ነው የሚገኘው። ድንኳኑ ውስጥም ሠርጉ ላይም አልነበረችም። ግን በጭብጨባ የተዘፈነውን ዘፈን ሳይቀር ታውቃለች። ሰው ስለ ይሄነው ማውራት ሲጀምር ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ይቆማሉ።

ፍቅርአዲስ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ባለጉዳዩ በአገውኛ ይነግራታል፣ እሷ ማመልከቻውን በአማርኛ ትጽፋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ቫይረስ ፋይሎቿን አጥፍቶባት ስታለቅስ ይሄነው አንዲት ገጽ ኮፒ ሊያስደርግ ገባ። ማሽኑን ጎንበስ ብሎ አየና «ችግሩ ከሥሩ ነው» አለ፤ ሁልጊዜም የሚለው ይህንኑ ነው። «ሃያ ደቂቃ ስጭኝ።» ተነሥቶ ሲወጣ ቀኑ መሽቶ ነበር። ፋይሎቿ ተመልሰዋል፣ ዊንዶውስ የለም። ኮፒ ሊያስደርግ ያመጣትን ወረቀት ረስቷት ሄደ።

ሊነክስ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሌላ ቤት በቫይረስ ምክንያት አልከፈት ያለ ፍላሽ እሷ ዘንድ ይከፈታል፤ በዚህ ስሟ እስከ ገጠር ቀበሌዎች ድረስ ወጣ። ጣጣም ነበረው። ሌላ ቦታ ተጽፎ የመጣ ማመልከቻ በእሷ ማሽን ሲከፈት መስመሩ ይንሸራተትና ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። ባለጉዳዩ ባዶ ወረቀት ላይ የፈረመ እየመሰለው ይደነግጣል። እሷ መስመር በመስመር እየሰበሰበች ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።

«አንች ልጅ፣ ዛሬም ታመመ እንዴ?» ይላታል አድማሴ። አድማሴ ከመንገዱ ማዶ ያው የእሷን ሥራ የሚሠራ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው። ማሽኖቹ ሁሉ ዊንዶውስ ናቸው።

«ታመመ፣ ጋሼ።»

«ምን ልበልሽ! የኔ ሲበላሽ ከዚህ እስከ መናኸሪያ ያለ ጎረምሳ ሁሉ ፎርማት ያደርግልኛል። ያንች ሐኪም ግን አንድ ነው፤ እሱም እንጅባራ!»

ፍቅርአዲስ ትስቃለች እንጂ አትከራከርም፤ አድማሴ ልክ ነው። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ደኅንነት፣ ስለ መልኩ የሚያወራ ሰው ብዙ ነው። ሰው ግን ሲስተም የሚመርጠው ሲበላሽበት ማንን እንደሚጠራ አስቦ ነው። እሷም የመረጠችው በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ላይ ችግሩ እውነተኛ ነበር። ትደውላለች፣ ይሄነው ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣል፣ ከመናኸሪያ ጋሪ ይዞ በሯ ላይ ይወርዳል። ቅዳሜ ፍርድ ቤት ዝግ ስለሆነ ቤቷ ጭር ይላል። እሷ ወንበሩን ትለቅለታለች፣ በርጩማ ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች። እሱ ስክሪኑን እያየ ያስረዳል። ሰው ፊት የሚንተባተበው ሰው ለስክሪን ሲናገር አንደበቱ ይፈታል። እሷ እጁን ታያለች። ጥፍሩን ከሥሩ ነው የሚቆርጠው። የግራ እጁ አውራ ጣት ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤ ከየት እንደመጣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልትጠይቀው ፈልጋ አልጠየቀችውም።

ችግሩ ፍቅርአዲስ ጎበዝ ተማሪ መሆኗ ነበር። ሁለተኛው ክረምት ሳይገባ ይሄነው ስለዚያ ማሽን የሚያውቀውን ሁሉ አወቀች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ጤነኛ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ይሄነው ሳይመጣ አለፈ። ሌላም አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፍቅርአዲስ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈችና ፕሪንተሩን አቆመችው። ትእዛዙን ያስተማራት እሱ ነው።

«መምህር፣ ፕሪንተሩ እምቢ አለ» አለችው በስልክ።

«ችግሩ ከሥሩ ነው» አለ ይሄነው። በማግሥቱ መጣ።

ፕሪንተሩ ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ መታመም ለመደ።

አንድ ዓመት ገደማ እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ይሄነው ፊቱ በርቶ ገባ፤ በርጩማው ገና ሳይሳብ ሥራ ጀመረ። «ከእንግዲህ መምጣት የለብኝም!» አለ። «ስልክሽን ከማሽኑ ጋር ታገናኛለሽ፣ እኔ እንጅባራ ቁጭ ብዬ በኔትወርክ እገባለሁ። አንች ሻይሽን እየጠጣሽ እኔ እጨርሰዋለሁ። አትቸገሪም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ፍቅርአዲስ።

በሚቀጥለው ዓርብ ፕሪንተሩን አቆመችና ደወለች። ስልኩ ሳይዘጋ በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ብቻዋን ተንቀሳቀሰች። ፍቅርአዲስ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ቀስቷ ወደ ግራ ሄደች፣ ቆመች፣ አንድ መስኮት ከፈተች። እሱ ነበር። አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ እጁ እዚህ ነበር፤ ጠባሳው ግን አይታይም። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ባዶ ገጽ ከፍቶ «አለቀ» ብሎ ጻፈ።

እሷም ከሥሩ «አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች። ቀስቷ ጥቂት ባለችበት ቆየች። ከዚያ ሄደች።

ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ፍቅርአዲስ ሰኞ ዕለት ፎቶ ኮፒ እያደረገች ባዶ በርጩማውን ስታይ ቆየችና ስልኳን አነሣች።

«መምህር፣ ነገ ጋሽ አድማሴ ዊንዶውስ ሊጭንልኝ ነው።»

ከወዲያ የኪቦርድ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ።

«እሺ» አለ ይሄነው፣ ዘጋው።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ጋሪ በሯ ላይ ቆመ። ይሄነው ወረደ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አድማሴ በፍቅርአዲስ ተጠርቶ ዊንዶውስ ያለበትን ፍላሽ ይዞ ቀድሞ መጥቷል። ዛቻው ይሄነውን ለማስመጣት ብቻ መሆኑን ለአድማሴ የነገረው ሰው አልነበረም። ፍቅርአዲስ ስብከቱን ጠበቀች። ስለ ቫይረሱ፣ ስለ ፍላሹ፣ ስለ ሥሩ። ለእሱም ቢሆን ተዘጋጅታ ነበር፤ ስብከት ቢያንስ ሰዓት ይወስዳል።

«ጋሽ አድማሴ» አለ ይሄነው፣ «ይጫኑላት።»

«ምን አልክ?» አለ አድማሴ።

«ይጫኑላት። ፋይሎቿን ግን ቀድሜ ላውጣላት።»

አድማሴ ወደ ፍቅርአዲስ ዞረ። «አንች፣ ይሄን ሰው አሞታል መሰለኝ።»

ይሄነው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ለስክሪኑ መናገር ጀመረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አስገድጄሽ ነበር። እንደጠላሽው ካወቅሁ ቆይቷል።»

«ምኑን?»

«ሲስተሙን። ማሽኑ በላዩ የተሠራውን ሥራ ሁሉ ይመዘግባል። ፕሪንተሩ በራሱ ቆሞ አያውቅም። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንች ታቆሚዋለሽ፤ ዘጠኝ ከአምስት ላይ ትደውይልኛለሽ። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሳቅሁ። እየተደጋገመ ሲሄድ ግን ገባኝ። አውልቅልኝ ለማለት አፍረሽ በማሽኑ እያሳበብሽ ነው አልሁ። እንግዲያ ቀላል ላድርግላት፣ ሳትቸገር ትልመደው ብዬ ነው በርቀት ያገናኘሁት።»

ፍቅርአዲስ ቆማ አየችው። ይህ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ መዝገቡን በሰዓትና በደቂቃ አንብቧል። አንብቦ የደረሰበት ይህ ነው። ሊነክስን የጠላች ሴት።

«ጠልቼው አይደለም» አለች።

«ታዲያ ለምን ታቆሚዋለሽ?»

አድማሴ ከመንገዱ ማዶ እያየ ነገሩን ካወቀ ዓመት ሊሞላው ነበር። ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«እንድትመጣ» አለች ፍቅርአዲስ።

ይሄነው ኪቦርዱ ላይ የነበሩትን ጣቶቹን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። አድማሴ ፍላሹን ኪሱ ከተተና «ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁ» ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ዞሮ፣ «የሰው ያለህ! ይሄን ለማወቅ መዝገብ ያስፈልጋል እንዴ?» አለና መንገዱን ተሻገረ።

«ሥራ የለህም?» አለች ፍቅርአዲስ።

«አለኝ። ሳላስፈቅድ ነው የመጣሁ።»

«እንግዲያ ሂድ።»

«እሄዳለሁ።» አልተነሣም። ወንበሩን አዞረና ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ አያት። ሲንተባተብ ፊቱ ቀላ። «ቅዳሜ… ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ቅዳሜ ማሽኑ ጤነኛ ነው።»

«ይሁን» አለ።

ጋሪው እስኪታጠፍ በሩ ላይ ቆመች። ስትመለስ የድንበር ክርክር ያለባቸው ሽማግሌ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። በአገውኛ ነገሯት፣ በአማርኛ ጻፈችላቸው። ራስጌው ላይ ቀኑን ስታስገባ የቅዳሜን ቀን ጻፈች። አየችው። አጠፋችውና የማክሰኞን ጻፈች።