የመክተፊያው ዘጠና ቀን

ዱሮ ዋስ ሰው ነበር። ስም ነበረው፣ ቤት ነበረው፣ ቤቱ የት እንደሆነም ይታወቅ ነበር። አህያ ስትገዛ ሻጩ አጎቱን ወይም የክርስትና አባቱን ዋስ አድርጎ ይጠራልሃል፤ አህያዋ በሳምንቷ ብታነክስ የዋሱን ደጅ ታንኳኳለህ፤ እሱም አፍሮ ይወጣል። ዋስትናው ማፈሩ ነበር። ዛሬ ግን ዋስ የሚሆንልህ ወረቀት ነው። ወረቀት ደጅ የለው፣ ፊት የለው፣ በምን ይፈር? ያለው ማኅተምና የቀን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ።

መቁጠሬን የሚያውቁ ሰዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ። በጉብዝናዬ ጊዜ አሞሌ ጨው ወደ ሰቆጣ ከሚያመጡ ነጋዴዎች ጋር አህያ እነዳ ነበር፤ ያልቆጠረ ሰው በየቁልቁለቱ አንድ አሞሌ ይጎድልበታል፤ እኔ ግን አንድም አልጎደለብኝም። በዚያ ትርፍ አህያ ገዛሁ፣ በአህያዋ ቤት ሠራሁ፣ በስተርጅናዬ ደግሞ አሸዋና ውሃ የሚያመላልስ፣ ቀለሙን የለቀቀ አሮጌ ትራክተር ባለቤት ሆንኩ። እንዲህ ያለ ሰው ይታለላል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔም አላስብም ነበር።

ነገሩን ያመጣው በሬ ነው። የዚያ ዓመት ዝናብ ቶሎ ሄደና ማሽላው ፍሬ ሳይቋጥር አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። እኔና ሦስት ማኅበርተኞቼ በጠቅላላው ስምንት በሬ አለን፤ ስምንቱ እስከ ሰኔ ካልቆሙ የአራት ቤት መሬት ጦሙን ያድራል። የአገዳ ክምራችን ደግሞ በእኔ ልኬት እስከ መጋቢት እንኳ አያደርስም። በሬ ሙሉ አገዳ ሲሰጡት ቅጠሉን ይለቅምና ግንዱን ይረግጠዋል፤ ከአሥር አገዳ ስድስቱን አፈር ሲያደርግ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። ተከትፎ የጨው ውሃ ከተረጨበት ግን ሁሉንም ይበላል። የግራር ለጋ ቅርንጫፍም ቢሆን ከተከተፈ አይመልሰውም።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለን የማሽኑን ወሬ ሰማን። እንጨት መክተፊያ ነው፤ ከውጭ የመጣ፤ ከትራክተር ኋላ ይገጠምና የትራክተሩ ዘንግ ያዞረዋል፤ ቅርንጫፍ ቢያጎርሱት ቅርንጫፍ፣ አገዳ ቢያጎርሱት አገዳ ይከትፋል። ርካሽም ነው። ርካሽነቱ ሊያስጠረጥረኝ ሲገባ አስደሰተኝ፤ ይህን ጥፋት በእኔ ስም ያዙልኝ። ማኅበርተኞቼን ያሳመንኩት እኔ ነኝ። "ትራክተሩ የእኔ፣ ማሽኑ የአራታችን" አልኳቸው። ከሦስቱ አንዱ፣ አፉን መያዝ የማይችለው ደርሶ የተባለው ጎረቤቴ ብቻ "አያ ሞላ፣ ሳትቆጥር ስትገዛ ዛሬ ገና አየሁህ" አለኝ።

ማሽኑ በታኅሣሥ መባቻ በአይሱዙ ተጭኖ ከደሴ መጣ። ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከመላው ማሽን ሥራውን በትክክል የሠራው ቀለሙ ነው። ሣጥኑን ስንከፍት ወረቀቱ አርባ ስምንት ብሎን ይላል፤ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት አርባ አንድ ናቸው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ቢላዎቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ወንድማማች፣ አንዱ እንግዳ። ቆርቆሮው በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ፦ ዋስትና፣ ዘጠና ቀን።

ግፍ እንዳይሆንብኝ የመጀመሪያውን ቀን እውነቱን ልናገር። አገዳው እንደ ገብስ ጭድ ተከትፎ ሲወጣ ደርሶ እንኳ አንድ እፍኝ ዘግኖ አሸተተ። በሬዎቹ ግንዱን ሳይቀር ጠርገው በሉ። ባለቤቴ ታደለች በሩ ላይ ቆማ እልል አለች። ማታ ብሎኖቹን ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ጠዋት እቆጥራለሁ፣ ማታ እቆጥራለሁ፤ የወደቁትን ለማግኘት ጭዱን በወንፊት እንነፋለን፤ በሬ ብሎን ዋጠ ማለት አለቀ ማለት ነውና። ደርሶ በደጄ ባለፈ ቁጥር "ዛሬስ ስንት ተፋ?" ይለኛል። በዚያ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ካሠሩት እንደ ምድጃ ስለሚግል፣ የአንድ ቀን መኖ እንጂ የነገውን ጨምሮ አይከትፍም። በበዓል ቀን ደግሞ እኛ ሥራ አንሠራም፤ ማሽኑን እናቆምና በሬዎቹን ሙሉ አገዳ እንሰጣቸዋለን። እነሱም ይረግጡታል። ክምሩ ሲያንስ አያለሁ፤ ግን በዓል በዓል ነው፤ ምን ይደረግ?

በዘጠና አራተኛው ቀን፣ መጋቢት አራት፣ ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። የሰቆጣው በያጅ ሓጎስ መጥቶ ፈታው። ትልቁ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተፈጭቷል፤ በውስጡ ያሉት ኳሶች የሽምብራ ክክ ሆነዋል። ሓጎስ በእጁ መዘን አደረገውና "አቦይ፣ ይኼ ብረት አይደለም፤ ብረት ያየ ነገር ነው" አለኝ።

ለሻጩ ደወልኩ።

"አባባ፣ ዘጠናው ቀን አልፎዎታል" አለኝ።

"በአራት ቀን?"

"በአንድም ቀን ቢሆን አልፏል።"

ደሜ ፈላ። ስናደድ በእናቴ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው የምቆጥረው፤ ታደለች በኽምጣኛ ስቆጥር ከሰማች ከቤት ትወጣለች። ወጣች። ዘጠናውን ቀን አንድ በአንድ አወረድኩት። ቅዳሜና እሑድ ሃያ ስድስት። በሌሎቹ ቀናት የዋሉት ወርኃዊ በዓላት፣ አቦው፣ ሥላሴው፣ ሚካኤሉ፣ ኪዳነ ምሕረቱ፣ ገብርኤሉ፣ ማርያሙ፣ ጊዮርጊሱ፣ መድኃኔዓለሙ፣ በዓለ ወልዱ፣ አሥራ ዘጠኝ። ከተራና ጥምቀት ሁለት። ይህ ብቻ አርባ ሰባት ቀን ነው። ለቀብር የዋልንበት አራት። ናፍጣ ጠፍቶ የቆምንበት አሥራ ሦስት። ብሎን ፍለጋ የተንከራተትንበት ሰባት። ሰባ አንድ! ዘጠና ቀን ከተባለው ውስጥ ማሽኑ የሠራው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።

እንደገና ደወልኩ። "ልጄ፣ ማሽንህ የሠራው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ሰባ አንድ ቀን ይቀረኛል።"

"እንዴት ሆኖ አባባ?"

"የሚበዛው በዓል ነበራ!"

"አባባ፣ ማሽን እኮ በዓል አያከብርም።"

"የገዛሁት እኔ ነኝ፤ እኔ አከብራለሁ።"

ዘጋው። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ዘጋው። በዚህ መሐል ማኅበርተኞቼ አገዳውን ግንድ ላይ እያስደገፉ በመጥረቢያ ይከትፋሉ፤ ክንዳቸው ዝሎ የሚወጣው መኖ ለሁለት በሬ እንኳ አይበቃም። የእኔ ዳለቻ በሬ ተኝቶ ሲነሳ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ወረቀትን የሚረታው ወረቀት ነው አልኩና የንስሐ አባቴን አባ ኪሮስን ደብዳቤ ለመንኳቸው። አባ ቁም ነገረኛ ሽማግሌ ናቸው፤ የተጠየቁትን ያደርጋሉ፣ ያልተጠየቁትን አይናገሩም። "ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ቀናት በአጥቢያችን ሥራ የማይሠራባቸው መሆናቸውን እናረጋግጣለን" ብለው ጻፉ፤ የሰበካ ጉባኤው ማኅተምም አረፈበት። ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ደብዳቤውን በደረት ኪሴ ይዤ በአውቶቡስ ደሴ ገባሁ።

ሱቁ ተዘግቷል። ዘበኛው "አባት፣ ዛሬ እኮ መጋቢት መድኃኔዓለም ነው፤ አይከፈትም" አለኝ። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የተዘጋ በር ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ዘበኛው የታመምኩ መስሎት ወንበር አመጣልኝ።

በማግሥቱ በጠዋት ስደርስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር የያዙ ሦስት ሰዎች ቀድመውኛል። ሳንጠያየቅ ተዋወቅን። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከብት የሚያደልብ ሰው፣ ደስ ብሎት ተቀምጧል። ማሽኑን ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ያሠራዋል፤ ታዲያ በሃያ ሁለተኛው ቀን ኩሽኔታው ተፈጨ፤ ገና ዘጠናው አልሞላምና ያለ ጥያቄ ቀየሩለት። ሁለተኛውም ተፈጭቶ ይኸው ለሦስተኛ መጥቷል። "ጥሩ ሰዎች ናቸው" አለኝ። በልቤ ቆጠርኩ። ከዘጠናው በኋላ የሠራቸው ሁለት ቀናት ሲጨመሩ፣ የእኔም የተፈጨው በሃያ አንደኛው የሥራ ቀኑ ነበር።

ሻጩ አንገቱ ላይ ማተብ ያሠረ ሸጋ ወጣት ነው። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ማኅተሙ ላይ ያለውን መስቀል ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ሳመው። ሳመውና መለሰልኝ።

"ደብዳቤው ትክክል ነው አባባ፤ ግን ድርጅቱ በዚህ አይሠራም።"

"ትናንት ለምን ዘጋህ?"

"መድኃኔዓለም ነዋ!"

"ጥምቀትንስ?"

"ኧረ አባባ፣ ጥምቀት ማን ይከፍታል?"

"ገናን? የታኅሣሥ ገብርኤልን?"

"ዘግተናል።"

"አንተ በዘጋህበት ቀን ማሽኑ ቢሰበር ለማን ነበር የምናገረው?"

ይህ ነገር ነካው። ጣቱን አጠፈ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ከአለቃው ጋር ተንሾካሾከ፣ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። "አባባ፣ ለእርስዎ ሲባል እነዚያን ሦስት ቀናት እንጨምርልዎታለን።"

ዘጠና ሦስት። ማሽኑ የሞተው በዘጠና አራተኛው ነው።

በሕይወቴ ሽፍታ ገጥሞኛል፣ ጎርፍ አህያ ወስዶብኛል፤ እንደዚያ ቀን የተናደድኩበትን ግን አላስታውስም። ሽፍታ እንኳ ሲዘርፍህ "ለእርስዎ ሲባል" አይልም። ምን ዓይነት ሰው ነው በሃያ አንድ ቀን ሥራ የሚደክም ዕቃ አምጥቶ፣ ዘጠና ቀን የሚል ወረቀት ለብጦ፣ ዝናብ ለከዳው ገበሬ የሚሸጥ? ስድስት ወር በሬ አቁሞ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል? አያውቅም። ባያውቅም ያሳፍራል፤ ቢያውቅም ያሳፍራል።

ቤቴ ስደርስ ታደለች ከበረቱ ደጅ ተቀምጣለች። "ዳለቻው ትናንት አልነሣ አለ" አለችኝ። ደርሶና ሌሎቹ ጅራቱንና ቀንዱን ይዘው አራት ጊዜ ሞክረዋል። በአምስተኛው እሱም እነሱም ተዉት።

ደብዳቤውን ልመልስ አባ ኪሮስ ዘንድ ሄድኩ፤ የሆነውን ሁሉ እየጮህኩ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና፦

"ለመሆኑ ሞላ፣ ማሽኑ የሚከትፈው ለምንድን ነው?" አሉኝ።

"ለበሬ ነዋ አባ።"

"ታዲያ በበዓል ቀን ለምን አቆምከው? የተራበ ከብት ማብላት መቼ በዓል ይሽራል?"

"አባ! ይህን ደብዳቤውን ሲጽፉ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተ የጠየቅኸኝ ቀኖቹ በዓል መሆናቸውን ነው። በዓል ናቸው። አረጋገጥኩልህ።"

ደጀ ሰላሙ ሥር ቁጭ አልኩ። ያኔ ያደረግሁትን ታውቁታላችሁ፤ ቆጠርኩ። አርባ ሰባቱን ቀን ሳላቆም ባሠራው ኖሮ፣ ናፍጣ ቢጠፋም ብሎን ቢረግፍም፣ ማሽኑ ገና ዘጠናው ሳይጋመስ ይፈጭ ነበር፤ እንደዚያ አድላቢ አዲስ ኩሽኔታ ይሰጡኝ ነበር፤ አገዳውም ባልተረገጠ፣ ዳለቻውም በቆመ። ዕቃ የሚሰብር ሰው ተካሰ፤ ዕቃውን የሚያሳርፍ ሰው በሬውን ቀበረ። ሁሉን ስቆጥር የኖርኩ ሰው አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ጥፋቱን እናካፍለው ካላችሁ፣ ከአራት እጅ ሦስቱ የሻጩ ነው፤ ከዚያ አልቀንስለትም። አንዱን እኔ እወስዳለሁ፤ እሱም ከብዶኛል።

ሓጎስ በመጨረሻ ከአሮጌ ወፍጮ ላይ የወለቀ ወፍራም ኩሽኔታ አምጥቶ፣ የሚቀመጥበትን ቤት በብየዳ አስፍቶ ገጠመው። እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። ሰባቱ በሬዎች ሰኔ ደረሱ። እኔ አንድ በሬ ብቻ ስለቀረኝ፣ ደርሶ የራሱን መሬት አርሶ ሲጨርስ አንዱን በሬ እየነዳ መጥቶ ከእኔው ጋር ጠመደልኝ። ምንም አላለም። ስንት ዓመት ሲሰድበኝ የኖረ ሰው ዝም ሲል እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላስብም ነበር።

አሁን በማርያምም በሚካኤልም፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ማሽኑን አስነሣለሁ። ጩኸቱን የሰማ መንገደኛ ቆም ብሎ ያማትባል፤ "እኒያ ሽማግሌ በስተርጅና በዓል መሻር ጀመሩ" እየተባልኩ እንደምታማም ሰምቻለሁ። ይማኝ፣ ሄዶ አባን ይጠይቅ። በሬዎቹ ግን አንገታቸውን ቀና እንኳ አያደርጉም፤ እየበሉ ነው።