ምንጫችንን ማን ቆፈረው?

ታፔላ ሰው ያጣላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ምን አለበት? ቆርቆሮና ቀለም ነው። ደባርቅ ከተማ ፀጉር ቤቱም ወፍጮ ቤቱም ታፔላ አለው፤ ማንም ዱላ አልተማዘዘበትም። ለእኛ ምንጭ ታፔላ ይሠራለታል የተባለ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

ምንጩ ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲመጡ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ በላይ ሰፈርና በታች ሰፈር መካከል ነው። በበጋ ውሃው ይቀጥናል። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ስንት ወሬ ያልቃል መሰላችሁ! ወሬው ሲያልቅ ደግሞ ተረት ነው፤ የተረቱ ባለቤት እናቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። ምንጩ እንዴት እንደፈለቀ በመተረክ እሷን የሚያህል አልነበረም።

እኔ ሕፃን ሳለሁ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ምንጩን ያፈለቀችው የንጉሥ በቅሎ ነበረች። ጠምቷት መሬቱን በኮቴዋ ብትመታው ውሃው ቡልቅ ብሎ ወጣ። አብዮቱ ሲመጣ በቅሎዋ የት እንደገባች እንጃ! አንድ ጭሰኛ ከባላባቱ ሸሽቶ ሲደበቅ ቆፍሮ አገኘው ተባለ። በእኛ አገር ሰው የገዛ ርስቱን ነበር የሚያርሰው፤ ጭሰኛ ብዙም አይታወቅም። ቢሆንም የዚያን ጊዜው ካድሬ ጭሰኛ ይወድ ስለነበር እናቴ አንድ ፈለገችለት። በስብሰባ ላይ አስነግሯት ተጨበጨበላት። ኋላ ሰው ሁሉ የዘር ሐረጉን መቁጠር ሲጀምር ደግሞ ጭሰኛውም ጠፋ። ላይ ሰፈሮች ሲሰሟት የላይ ሰፈር አባት ቆፈረው፤ ታች ሰፈሮች ሲሰሟት የታች ሰፈር አባት። መንግሥት ሲለወጥ ሹሙ ይለወጣል፤ በእኛ ዘንድ ቆፋሪውም አብሮ ይለወጥ ነበር።

አንድ ቀን “እማ፣ እውነቱ የትኛው ነው?” ብዬ ብጠይቃት “ጀሪካንሽ ሞልቷል፣ አንሺ” አለችኝ።

ዘንድሮ ታዲያ አንድ የባህል ባለሙያ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ ጫማው ብቻ ለጭቃችን አልተሠራም። ወደ ተራራው የሚያልፈው ቱሪስት እንዲያነበው የምንጩን ታሪክ ታፔላ ላይ ልንጽፍ ነው አለ። “የተራኪዋ ልጅ እርስዎ ነዎት አሉኝ። እማማ፣ ኦሪጅናሉን ይንገሩኝ፤ ነገ ሕዝብ ባለበት እጽፈዋለሁ።”

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሁለቱንም ሰፈር አዳርሶ ነበር። የእኛ የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ፣ አያ መኮንን፣ ደጄ ድረስ መጡ። የአባታችን ስም ከተጻፈ ታች ሰፈሮች አስፈቅደው ይቀዳሉ አሉኝ። “ባይፈቀድላቸውስ?” አልኩ። “ወንዝ አለላቸው!”

ወንዙ እኮ ከገደሉ ሥር ነው። ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ልጄ ዘነቡ ደግሞ ታች ሰፈር ነው ያገባችው፤ ስምንት ወሯ ነው። ያን ሆድ ይዛ፣ ጀሪካን አዝላ ገደሉን ስትወጣ ታየችኝ። አያ መኮንን ከመሄዳቸው አማቷ ከተፍ አለች። የልጅ ልጅሽ ክርስትና ሲነሳ ለድግሱ የሚሆነውን ውሃ ከእነ መኮንን ለምነን ልናመጣ ነው ወይ ብላ አፋጠጠችኝ። ለታች ሰፈር ብፈርድ ጎረቤቶቼ አያናግሩኝም፤ ለላይ ሰፈር ብፈርድ ልጄን ገደል ሰደድኩ። እናቴስ አንዱን ስትነግረው ሌላው አይሰማም ነበር። ታፔላ ግን ለሁሉም እኩል ነው የሚያወራው።

በማግስቱ ባለሙያው ደብተሩን ዘረጋ። ላይ ሰፈር በቀኝ፣ ታች ሰፈር በግራ ቆመው አፍ አፌን ያያሉ። እመቤቴን በሆዴ ጠርቼ ቀና ብል፣ ከማዶው መስክ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ ብለው ሣሩን እየነጩ፣ ሥሩን በጣታቸው እየጫሩ ይበላሉ።

“እነሱ ናቸው” አልኩ።

“እነማን?”

“ጭላዳዎቹ ናቸዋ። በክፉ ቀን ሥር ፍለጋ ሲቆፍሩ ውሃው ወጣ። ሰው የመጣው ኋላ ነው።”

አያ መኮንን ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት። “እናትሽ እንዲህ ብላ አታውቅም!”

“እርስዎ ፊትማ የምታወራው ስለ እርስዎ አባት ነበር” አልኳቸው። ታች ሰፈሮች ሳቁ። ከዚያ የእነሱም አባት እንደሌለበት ትዝ አላቸውና ሳቃቸውን ዋጡ።

ባለሙያው ግን ፈነደቀ። ቱሪስቱ የሚመጣው ጭላዳ ሊያይ ነው! ታፔላው ተተከለ፤ ሁለቱም ሰፈር እንደ ድሮው በወረፋ ይቀዳል። ዘነቡም በሰላም ተገላገለች፤ ለክርስትናው ድግስ ውሃው ከምንጩ መጣ፣ ማንም ማንንም አላስፈቀደም።

ይሁንና ውሸት ውሸት ነው፤ እንቅልፍ ነሳኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። መስቀላቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። አርባ ስግደት አዘዙኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለውኝ፣ ተሳልሜ ልወጣ ስል መልሰው ጠሩኝ።

“ልጄ፣ ጭላዳዎቹ የሚያድሩት ከደብራችን ሥር ባለው ገደል መሆኑን ለዚያ ታፔላ ለጻፈው ልጅ ነግረሽዋል?”