የጋሽ ወልደ ጻድቅ ባለጭስ ሞተር

አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለውን ሰው ሰላም ብሎ በቶሎ መገላገል አይቻልም። እንዴት አደርክ ሲሉት የራሱን ትቶ የሞተሩን አዳር ይተርካል። የሞላሌ ከተማው ሊቀ መካኒካን ጋሽ ወልደ ጻድቅ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ሚስታቸው ጥሩሸዋ ናት፣ ለማሽሟጠጥ።

ሞተሯ መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ጥለዋት የሄዱት፣ ለጭቃና ለዝላይ ውድድር የተሠራች ቱ ስትሮክ ናት። ጎማዋ ጥርሳም፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ሆዱ የተነፋ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ለቅሶ ቤት እንኳ ስለሷ ሳያስተምሩ አይነሱም። "ቫልቭ የሚባል የላትም! ዘይቷን ከቤንዚኗ ቀላቅላ ነው የምትጠጣ። ፒስተኑ ሽቅብ በወጣ ቁጥር እሳት ነው!"

የጓሳ ተራራ ብርድ የወረደ ለታ ግን እሳት የሚጭረው ካንዴላዋ በዘይት ይጨማለቅና አልነሳም ትላለች። "የኛ አገር አየር ስስ ነው፣ ቤንዚኑ በዛባት" ይሉና ካንዴላ ይቀይራሉ። የሞተውንም አይጥሉትም፣ በጣሳ ያጠራቅሙታል። ሲመሽ ሞተሯን የጥሩሸዋን የሠርግ ባና፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ያለብሷታል።

ጥሩሸዋ "ወይ እኔ ወይ እሷ!" ስትል ዓመታት አለፉ። በሚሌኒየሙ ዓመት ጋሽ ወልደ ጻድቅ አንገታቸውን ደፍተው "እሺ፣ ጭሷ ከፈጀሽ ትሸጥ" አሉ። "ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ገዢ ይመጣል። ከተነሳችለት ይወስዳታል።"

ጥሩሸዋ እልል ማለት ሲገባት ሐሳብ ገባት። የሚያስረዱት ነገር የሌላቸው ወልደ ጻድቅ ምን ሊሆኑ ነው?

ቅዳሜ ገዢው መጣ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ረገጡ፣ ዝም። ላብ እስኪያጠምቃቸው ረገጡ፣ አሁንም ዝም።

"ካንዴላውን አይተውታል?" አለ ገዢው።

"እኔን ነው ካንዴላ የምታስተምር?" ብለው ተቆጡ። ካንዴላውን ግን ሳይነኩት ሰውየውን ሸኙት።

ጥሩሸዋ መቀነቷን ፈታ ደህናውን ካንዴላ አወጣች። ጠዋት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ነቅላው፣ በቦታው ከጣሳው አንድ የሞተ አስራበታለች። ያ ሁሉ ትምህርት ሳትወድ ገብቷታል።

"እንኩ፣ ይመልሱት።"

"በመጀመሪያው እርግጫ ነው ያወቅሁት" አሉ እየሳቁ።

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"የምሸጣት ላንቺ ስል አልነበር?"

ካንዴላውን ቀየሩ፣ ረገጡ፣ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ታፈነ። ጥሩሸዋ እያሳለች ከኋላቸው ተፈናጠጠችና፣ ከማንም በላይ የምታውቀውን ነገር ጆሯቸው ሥር ጮኻ ጠየቀቻቸው።

"እኔ እምለው፣ ቫልቭ ከሌላት ጭሱ በየት በኩል ይወጣል?"

ደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ ቀየት ከተማ ሲደርሱ ጋሽ ወልደ ጻድቅ ገና እያስረዱ ነበር።