መምህር እንዳልካቸው የዶሮዋን ፈረሰኛ ስለ ማረከበት ዘመቻ

በአንዲት የዶሮ አጥንት ምክንያት ሠርግ ተበላሸ።

ይህም የሆነው በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር፣ መብራት በፈረቃ በሚነግሥበት ዘመን፣ ሞዓ ዶርሆ ዘእምነገደ ማክሰኝት፣ ሥዩመ ባዮሎጂ፣ ንጉሠ ጠመኔ መምህር እንዳልካቸው በመምህርነት ወንበር በተቀመጠ በሦስተኛው ዓመት ነው። በዚያም ወራት «አእዋፍ ሁሉ የዳይኖሰር ልጆች ናቸው፤ ዶሮም አንዷ ናት» ብሎ ዐወጀ። የዘጠነኛ ክፍል ሕዝብ ሳቀበት፤ ከኋላ ወንበርም አንዱ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ፤ እርሱም ተቈጥቶ ማስረጃውን በእጁ ይዞ ሊመጣ ማለ። ማስረጃው በዶሮ ደረት ያለችው፣ እንደ ባላ መንታ የሆነች አጥንት ናት፤ በሁለት እግራቸው ይሄዱ የነበሩ ሥጋ በል ዳይኖሰሮችም ይህችው አጥንት ነበረቻቸውና። በእኛ አገር ግን አጥንቷ ያለችበት ብልት ፈረሰኛ ትባላለች፤ ከዐሥራ ሁለቱ ብልቶች ተለይታ ለአባወራው ትቀርባለች። ዶሮ ገዝቶ በቤቱ መብላት ይችል ነበር፤ ዳሩ ግን ታላቅ ሰው በገዛ ዶሮው ላይ አይዘምትም።

ስለዚህ በዕለተ እሑድ በሚኒባስ ተጭኖ ወደ ጎንደር፣ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ዶሮ ወደ ተሠራበት፣ ወደ እጮኛው ወደ ሃና ቤት ዘመተ። የተከተሉትም እነዚህ ናቸው፦ አጎቱ አያ ዳኛው፣ የማክሰኝት በግ ሁሉ በድምፃቸው የሚያውቃቸው፤ አክስቱ ወይዘሮ ብርቄ፣ የሙሽራን ሙያ በዶሮ ብልት የሚመዝኑ፣ ብልት ያጎደለችን ልጅ ስም እስከ አዲ አርቃይ የሚያደርሱ። ሃና እንግዶቿን ለመቀበል ወደ ግቢ በወጣች ጊዜ ጀግናው በጓሮ ዞሮ ማድቤት ገባ፤ ድስቱን ከፈተ፤ ጣቶቹን በሚፍለቀለቀው ወጥ ሰደደ፤ ተቃጠለ፤ አላፈገፈገም፤ ፈረሰኛዋን ማርኮ፣ በሶፍት ጠቅልሎ፣ በኮቱ ኪስ አሰራት።

ማዕድ ቀረበ። ሃና ለአባቷ ለመሪጌታ ዕንባቆም ድርሻቸውን ልታወጣ ጭልፋዋ ድስቱን ዞሮ ዞሮ ባዶውን ተመለሰ። ወይዘሮ ብርቄም ቈጥረው ዐወጁ፦ «ዐሥራ አንድ! ምነው ልጄ፣ ፈረሰኛው ጋልቦ ሄደ? ብልት ማውጣት ሳትማሪ ነው ባል የምታገቢ?»

ሃና «ዐሥራ ሁለት አውጥቻለሁ» ብላ ዐወጀች፤ የሰማት የለም። አባቷ አንገታቸውን ደፉ። ጀግናውም ኪሱን በእጁ ሸፈነ፤ ምርኮን ያለ ጊዜው መግለጥ የጀግና ሥርዓት አይደለምና። ነገር ግን ወጡ በኮቱ ላይ እንደ ጦር ቁስል ሰረገ፤ አያ ዳኛው «ኧረ ልጁ ደማ!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ ተነሣ፤ አጥንቷን ወደ ላይ አንሥቶም ዐወጀ፦ «እነሆ የዳይኖሰር ርስት! የዶሮ ቅድመ አያት ጥርስ ነበረው!»

መሪጌታም ቀና ብለው መለሱ፦ «ወፍ የሐሙስ ፍጥረት ናት፤ የምድር አውሬ የዓርብ ነው። የዓርቡ የሐሙሷን የወለደው በየትኛው ሳምንት ነው?»

ስለዚህ ነገር ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ እንጀራው እስኪደርቅ ድረስ የሚሊዮን ዓመታት ሠራዊትና የስድስቱ ቀናት ሠራዊት ተዋጉ፤ ሁለቱም ወገን ደስ አላቸው። በመጨረሻ ወይዘሮ ብርቄ ፍርድ ሰጡ፦ «ልጁ ለትምህርት ብሎ ነው፤ ምሬዋለሁ። ልጅቱ ግን ድስቷን መጠበቅ ነበረባት።»

ጀግናው ስለ ዶሮ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ስለ ሃና ግን አንድ ቃል አልተናገረም፤ አጥንቷን በሶፍት እየወለወለ ነበርና።

ሃናም ቀለበቷን አውልቃ በድስቱ ውስጥ ጣለችና የመጨረሻውን ዐዋጅ ነገረች፦ «ይኸው ዐሥራ ሁለት ሞላ፤ ቍጠሩት።»

እንግዲህ አሞራና እንሽላሊት በአንድነት ያመስግኑት! የመቶ ኀምሳ ሚሊዮን ዓመት ዘመድ ለይቶ የሚያውቅ፣ ከአጠገቡ የቆመችውን ግን ያላወቀ፣ እንደ እርሱ ያለ ከእርሱ በፊት አልተነሣም። እርሱም አጥንቷን ለመሪጌታ በብርሃን እያሳየ ሳለ ሃና ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።